የቢሾፍቱ ሰማይና የሩቅ ከዋክብት ራዲዮ



የመስከረምን ምሽት በባቦጋያ ሐይቅ ዳር ያሳለፈ የመሥሪያ ቤት ሰው፣ በደቡብ ምዕራብ በኩል ፍኖተ ሐሊብ ነጭ ሆኖ ሲታይ ሳያስተውል አይቀርም። የዚህ የእኛ የከዋክብት ጭፍራ እምብርት በዚያ አቅጣጫ ነው፤ ነገር ግን የአቧራ ደመና ስለሚጋርደው ለዓይን አይታይም። የራዲዮ ሞገድ ግን አቧራውን አልፎ ይመጣል። ካርል ጃንስኪ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ የስልክ ንግግርን የሚያውከው ጩኸት ከወዴት እንደሚመጣ ሲመረምር ይህንኑ አገኘና እ.ኤ.አ. በ1933 ገለጸ።

ከእኛ ጭፍራ ውጭ ካሉት ጥምዝ ጋላክሲዎች እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ኤም 106 ነው፤ ብርሃኑ እኛ ዘንድ ለመድረስ ወደ 23 ሚሊዮን ዓመት ይጓዛል። በእምብርቱ ዙሪያ የሚዞር የውሃ ተን አለ፤ ከባቦጋያ ከሚተነው ውሃ በዓይነቱ አይለይም። ይህም ተን ርዝመቱ 1.3 ሴንቲሜትር ያህል የሆነ የራዲዮ ሞገድ ይልካል። የመኪና ጥሩምባ ሲቀርብ ድምፁ እንደሚቀጥን፣ ሲርቅም እንደሚወፍር፣ ሞገዱም እንዲሁ ይለዋወጣል። ሊቃውንት በልዩ ልዩ የአሜሪካ ግዛቶች የተተከሉ አንቴናዎችን አጣምረው ያዩትን በ1995 ሲያሳትሙ፣ ተኑ በሴኮንድ እስከ 1000 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሚሮጥ ታወቀ። ይህን ይዞ የሚያዞር ክብደት ወደ 40 ሚሊዮን ፀሐዮች ያህል ነው፤ ያም ሁሉ በጠባብ ስፍራ የታጨቀ ስለሆነ፣ ብርሃን እንኳ የማያመልጠው ጥቁር ጉድጓድ ነው ቢባል እንጂ ሌላ የሚስማማ ፍቺ አይገኝለትም።

ቢሾፍቱ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለምትርቅ፣ የፍኖተ ሐሊብ እምብርት በደቡብ፣ ኤም 106 ደግሞ በሰሜን፣ ሁለቱም ከአድማሷ ከ50 ዲግሪ በላይ ይወጣሉ። የለንደን ሰው የመጀመሪያውን የሚያገኘው ከአድማሱ ጥቂት ከፍ ብሎ ነው።

በእንጦጦ ያሉት ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ብርሃንን እንጂ ራዲዮን አይቀበሉም። ጋና ግን በኩቱንሴ የነበረውን 32 ሜትር የሳተላይት መገናኛ አንቴና ወደ ራዲዮ ቴሌስኮፕ ለውጣ በ2017 አስመርቃለች። እኛም ይህን ብናስብ፣ ከአንቴናው አስቀድሞ የሚያስፈልገን ጸጥታ ነው። በአዲስ አበባና በአዳማ መንገድ ላይ እርሱ የለም።

ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ከ1400 እስከ 1427 ሜጋኸርዝ ባለው ክፍል ማንም እንዳያሰራጭ ከልክሏል፤ የሃይድሮጂን ሞገድ የሚሰማው በዚያ ነውና። ይህ ክልከላ ግን የሚጠበቀው ፈቃድ የሚጽፈው ሹም ሲያውቀው ነው። እንግዲህ የሞገድ ፈቃድ ወይም የመስመር ዝርጋታ ካርታ በጠረጴዛችሁ የሚያልፍ አድማጮች፣ በስምጥ ሸለቆ ኮረብቶች የተከለለና ምሰሶ ያልደረሰበት ስፍራ ቢያጋጥማችሁ (መንደሩ መብራት ይቅርበት ማለቴ አይደለም)፣ በካርታው ላይ ምልክት አድርጉበት።