ለሥራ፥ ለጨዋታና ለቴሌቪዥን የሚሆን አንድ ስክሪን

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ)



እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ከመውጣታችን በፊት ለትምህርት ቤታችን መታሰቢያ እንዲሆን አንድ ትልቅ ስክሪን ገዝተን ከቤተ መጻሕፍቱ አጠገብ ባለችው ክፍል መስቀላችንን አይታችኋል። ገንዘቡን ያዋጡልን ወላጆቻችን ናቸው። ከእነርሱም መካከል ጉሊት ተቀምጠው ከሽንኩርትና ከበርበሬ ትርፍ ላይ ቀንሰው የሰጡን እናቶች ስለ አሉ፥ ገንዘቡ በምን ላይ እንደ ዋለና ዕቃውን እንዴት እንደ መረጥን በፊታችሁ መናገር ይገባናል።

የኮምፒዩተር ክበብ አባሎች ጽሑፍና ሒሳብ የሚሠሩበት ይሁን አሉ። ሌሎቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ጌም የምንጫወትበት ይሁን አሉ። የቀሩት ደግሞ ዜናና እግር ኳስ ካላየንበት ምን ጥቅም አለው ብለው ተነሡ። ገንዘቡ ግን ለአንድ ብቻ ነበር። ፕሮጀክተር ይሻላል ያለም ነበረ፤ ነገር ግን የክፍሏ መስኮቶች ወደ ምሥራቅ ስለሚመለከቱ በጠዋት ፀሐይ ሥዕሉ ስለሚደበዝዝ ብዙ ሳንከራከር ተውነው።

ከዚያ በኋላ ሁላችንም "ትልቁን! ትልቁን!" አልን። በሱቅ ውስጥ 65 ኢንቹ ሲታይ ሌላው ሁሉ ትንሽ ይመስላል። ኢንቹ የሚለካው ከአንዱ ማዕዘን እስከ ተቃራኒው ማዕዘን ስለ ሆነ፥ በግድግዳ ላይ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ በቃል ብቻ አይገባም። ስለዚህ ካርቶን ቈረጥን። ለ65 ኢንች 144 በ81 ሳንቲ ሜትር፥ ለ55 ኢንች 122 በ68፥ ለ43 ኢንች 95 በ54 ሆነ። ካርቶኖቹን ተራ በተራ ግድግዳው ላይ ለጥፈን ከጠረጴዛው ተቀመጥን። በ65ቱ ፊት የተቀመጠው ልጅ ከዳር እስከ ዳር ለማየት አንገቱን ግራና ቀኝ ሲያዞር ሣቅን፤ ክርክሩም ያን ጊዜ በረደ።

ሌላም ነገር አለ። ፎር ኬ የሚባለው ስክሪን ትልቅም ሆነ ትንሽ በአግድም 3840፥ በቁመት 2160 ነጥቦች አሉት። ስክሪኑ ሲሰፋ ነጥቦቹ ይተልቃሉ እንጂ አይጨመሩም። በ43 ኢንች ላይ በአንድ ኢንች ርዝመት 102 ያህል ነጥብ ሲገኝ፥ በ55 ላይ 80፥ በ65 ላይ 68 ያህል ብቻ ነው። ከሦስት ሜትር ለሚያይ ሰው ይህ ምንም አይደለም። በአንድ ክንድ ርቀት ለሚያነብ ግን የፊደሉ ጠርዝ ይሻክርበታል፤ በተለይም የእኛ ፊደል ሣልሱና ኃምሱ በአንዲት ትንሽ ምልክት የሚለይ ስለ ሆነ ዓይን ይደክማል። ክበቡ 43ቱ ይበቃናል ሲል የኳስ ወዳጆች ተቈጡ። መፍትሔውን የሰጡን ክፍሉን የሚጠርጉልን እማማ ናቸው። "ልጆቼ፥ ጠረጴዛውን ከግድግዳው ለምን ሳብ አታደርጉትም?" አሉን። ሳብነው። ከዓይን እስከ ስክሪን 1 ሜትር ከ10 ሲሆን የ55ቱን ነጥቦች ጤነኛ ዓይን ለይቶ ማየት ያቅተዋል። በዚህም 55ቱ ጸደቀ።

ከመግዛታችን በፊት ከአንድ ወላጅ ቤት ቴሌቪዥን ተውሰን ከኮምፒዩተሩ ጋር አገናኘነው። ቀይ ፊደል በጥቁር ላይ ሲጻፍ ቀለሙ ይፈስሳል፤ ማውሱም ከእጃችን ኋላ ኋላ ይጎተታል። "ቴሌቪዥን ለሥራ አይሆንም" ብለን ቃለ ጉባኤ ልንጽፍ ስንል፥ አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ ሪሞቱን ተቀብሎ የመግቢያውን ስም "ፒሲ" ብሎ ለወጠው፤ ጌም ሞድ የሚባለውንም ከፈተ። ፊደሉ ጠራ፤ ማውሱም እጃችንን ተከተለ። ምክንያቱን በኋላ ተረዳን። ቴሌቪዥን ሥዕሉን ለማሳመር እያንዳንዱን ጥቂት ይዞ ስለሚያስተካክለው ይዘገያል፤ ብዙውን ጊዜም አራት ነጥቦች አንድ የቀለም መረጃ ይካፈላሉ። ይህ በፊልም ላይ አይታወቅም፤ ቀጭን ፊደልን ግን ያበላሻል። እኛው ባለማወቃችን በዕቃው ልንፈርድበት ነበር።

ጌም ተጫዋቾች በሰከንድ 120 ጊዜ ሥዕል የሚለውጠውን ፈለጉ። እውነት ነው፤ በ60 አንዱ ሥዕል 16.7 ሚሊ ሰከንድ ሲቈይ በ120 ግን 8.3 ብቻ ነው። ነገር ግን በኤች ዲ ኤም አይ ገመድ ፎር ኬን በዚህ ፍጥነት ቀለሙ ሳይቀነስ ለማሳለፍ በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው 2.1 የሚባለው ዓይነት ያስፈልጋል። የእኛ ኮምፒዩተር ያረጀ ነው፤ ለማይደርስበት ፍጥነት የእናቶችን ገንዘብ መክፈል ደግ አልመሰለንም። ተጫዋቾቹ እስከ ዛሬ ቅር ብሏቸዋል።

ኦሌድ የሚባለውን ባየን ጊዜ ሁላችንም ልባችን ተሰርቆ ነበር። እያንዳንዱ ነጥብ ራሱ ስለሚበራ ጥቁሩ በእውነት ጥቁር ነው። ሆኖም አንድ ምስል በየቀኑ ለብዙ ሰዓት ከቆመበት ነጥቦቹ እኩል ስለማያረጁ ጥላው ሊቀር ይችላል። የኮምፒዩተር የታችኛው መስመር ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ ከቦታው አይነቃነቅም። ተውነው።

የቀሩት ሁለት የኤል ሲ ዲ ዓይነቶች ነበሩ፤ ቪ ኤ እና አይ ፒ ኤስ። በቪ ኤ ጥቁሩ ይጠልቃል፥ ከጎን ሲያዩት ግን ሥዕሉ ይደበዝዛል። አይ ፒ ኤስ ከጎን ደኅና ነው፥ ጥቁሩ ግን በጨለማ ግራጫ ይመስላል። ለፊልም ብለን በቪ ኤ ድምፅ ሰጠን። ከክፍላችን አንድ ልጅ ዓይኑ ደካማ ስለ ሆነ ወደ ስክሪኑ መቅረብ አለበት፤ ሌላውን እንዳይጋርድም ሁልጊዜ ከዳር ይቀመጣል። በስብሰባው አንድ ቃል አልተናገረም። ከሱቁ ስንመለስ "ከዳር ሆነህ አነበብኸው ወይ?" ብለን ብንጠይቀው፥ "አላነበብሁትም፤ ግን እናንተ ወዳችሁታል" አለን።

በማግስቱ ተሰብስበን ድምፃችንን ሻርን። አንዱ "እርሱ እኮ ዘንድሮ ይወጣል" ብሎ ነበር፤ ከፊት ካልተቀመጡ ሰሌዳ የማይታያቸውን የ9ኛ ክፍል ልጆች ቈጥረን ብናሳየው ዝም አለ። አይ ፒ ኤሱን ገዛን። ከተረፈው ገንዘብ ስታቢላይዘር ጨመርን፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ ኀይሉ እንደሚዋዥቅ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

በመጀመሪያ እንደ ቡና ቤት ቴሌቪዥን ከፍ አድርገን ሰቅለነው አንገታችንን ስለ አመመን ዝቅ አድርገነዋል፤ በግድግዳው ላይ የምታዩት ቀዳዳ የዚያ ነው፥ ይቅርታ እንጠይቃለን። ከሰኞ እስከ ዓርብ ለሥራ፥ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለጨዋታ ይሆናል። ኳስና ፈተና የተጋጨ ቀን ማን እንደሚወስን ገና አልተስማማንም፤ ሪሞቱ እስከዚያው ከቤተ መጻሕፍቱ ኀላፊ ዘንድ ነው።