ፋይሉን ያጠፋው ቢሮ፣ «ዘገየህ» የሚባለው ባለጉዳይ!

(አንድ ጠበቃ ለሰፈራቸው እድርተኞች ያደረጉት ንግግር)



የእድሩ ሊቀመንበር «ስለ ቦታ ክርክር ትንሽ አስረዳን» ሲሉኝ እሺ ያልኩት የማውቀውን ላካፍል ብዬ ብቻ አይደለም። ልናዘዘው የሚገባኝ ጥፋት ስላለብኝም ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት አንድ ፌስታል ሙሉ ወረቀት ታቅፈው ቢሮዬ መጡ። ጎረቤታቸው አዲስ ካርታ አውጥቷል። ካርታው የእማማን ጓሮ ከነማድ ቤቱ ጠቅልሎ ወስዶታል። ቦታው ቢበዛ ስልሳ ካሬ ቢሆን ነው። ላለው ሰው ስልሳ ካሬ የመኪና ማቆሚያ ናት፤ እማማ ግን እዚያች ማድ ቤት ውስጥ እንጀራ እየጋገሩ እየሸጡ ነው ልጆቻቸውን ያሳደጉት። «ልጄ፣ ያለኝ ሁሉ እዚህ ውስጥ ነው» አሉና ፌስታሉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት።

እኔም ከላይ ከላይ አገላበጥኩት። የመብራት ደረሰኝ፣ የውሃ ደረሰኝ፣ የእድር ደብተር፣ የልጅ የክትባት ካርድ ሳይቀር አለ። ይበጃሉ ያልኳቸውን ሦስት አራት ወረቀቶች መርጬ አያያዝኩ፤ ምስክር ቆጠርኩ፤ ክሱን ከፈትኩ። ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። «እማማ፣ ከዚህ ሌላ ወረቀት በማን እጅ አለ? በየትኛው ቢሮ አለ?» ብዬ አልጠየቅኋቸውም።

ሕጉን ልንገራችሁ፤ አያስፈራም። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን የወጣው በጃንሆይ ዘመን በ1958 ዓ.ም. ነው። ቁጥር 223 ከሳሽ የምስክሮቹንና የጽሑፍ ማስረጃዎቹን ዝርዝር ከክሱ ጋር አያይዞ እንዲያቀርብ ያዛል። ተከሳሽም መልሱን ሲሰጥ እንዲሁ ነው። ቁጥር 137 ደግሞ በእጅ ያለው የቀረ ወረቀት ሁሉ ክሱ በመጀመሪያ በሚሰማበት ቀን ይቅረብ ይላል። ያን ቀን ያልቀረበ ወረቀት፣ በቂ ምክንያት ካልተገኘለት በስተቀር፣ ከዚያ በኋላ ተቀባይነት የለውም።

ክፉ ሕግ አይደለም። አንድ ጊዜ ተከራካሪያችን ምስክሮቻችን ተሰምተው ካለቁ በኋላ ከኮቱ ኪስ አንድ የሽያጭ ውል መዥረጥ አድርጎ አወጣ። ይህ ቁጥር ባይኖር ኖሮ ያን ቀን አፌን ይዤ ነበር የምቀረው። ሕጉ የወጣው እንዲህ ያለውን ድብቅ ጨዋታ ለመከልከል ነው።

ወደ እማማ ልመለስ። የኛም ምስክሮች ተሰምተው ካበቁ በኋላ እማማ እያለከለኩ መጡ። የሟች ወንድማቸው ሣጥን ሲከፈት፣ በ1968 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 80 መሠረት ለዚያ ቦታ ኪራይ ሲከፈል የኖረበት የደረሰኝ ጥራዝ ተገኘ። የቦታው ስፋት ተጽፎበታል፤ ጓሮውም ከነማድ ቤቱ በልኩ ውስጥ አለ! ይኼ እንደ ዋዛ የሚታይ ነገር አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1195 ካርታ የያዘ ሰው ባለሀብት ነው ተብሎ ይገመታል። ግምት ግን ይፈርሳል። ካርታው ከደንብ ውጭ ወይም ሥልጣን በሌለው ክፍል የተሰጠ መሆኑን ያስረዳ ሰው ሊያፈርሰው እንደሚችል ቁጥር 1196 ይናገራል። ደረሰኙ ከድሮው ፋይል ጋር ቢገናኝ ኖሮ ለዚያ የሚያበቃ መንገድ ነበር።

እኔ ምን አደረግሁ? ደረሰኙን ከፍ አድርጌ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ይኸው ተገኘ» አልኩ። ዳኛው «እስከ ዛሬ የት ነበር?» አሉኝ። «ሣጥን ውስጥ» አልኩ። ከኋላ የተቀመጠው ባለጉዳይ ሁሉ ሳቀ። ሣጥኑ መቼ ተከፈተ? ቁልፉ በማን እጅ ነበር? እማማስ ለምን አላወቁም? አንዱንም በማመልከቻ አልጻፍኩ፤ በቃለ መሐላም አልደገፍኩ። ወረቀቱ ጠንካራ ስለሆነ በራሱ ጉልበት የሚገባ መስሎኝ ነበር። ሕጉ ግን ወረቀቱ ምን እንደሚል ከመጠየቁ በፊት ለምን እንደዘገየ ይጠይቃል። ደረሰኙም ተመለሰ።

እሺ፣ እስከዚህ የኔ ጥፋት ነው። ቀጥሎ ያለውስ የማን ነው?

ፍርድ ቤት መዝገብ ከሌላ ቦታ እንዲያስቀርብ የሚጠየቅበት ቁጥር 145 አለ። እሱን ጠቅሰን፣ ቃለ መሐላችንን አያይዘን፣ የድሮው የቦታ ፋይል እንዲመጣ አመለከትን። ፍርድ ቤቱም ትእዛዝ ጻፈ። ስሙን የማልጠራው ቢሮ ከሁለት ቀጠሮ በኋላ በአንድ መስመር መለሰ፤ ፋይሉ በቦታው አልተገኘም! ማን አወጣው? መቼ ጠፋ? የሚጠየቅ ሰው የለም። ፍርድ ቤቱም በእጁ ባለው ማስረጃ ወሰነ። በእጁ ያለው ደግሞ አዲሱ ካርታ ነበር።

እስቲ ፍረዱ። ቁጥር 137 ወረቀቱን ያላቀረበውን ሰው የሚቀጣው ወረቀቱ በእጁ ወይም በሥልጣኑ ሥር ሳለ ነው። በቢሮ መደርደሪያ ላይ ያለ ፋይል በእማማ ሥልጣን ሥር ነው? በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታ የመንግሥት ሆነ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው አለ። («የሕዝብ» የምትለዋን ለዛሬ እንለፋት።) ቦታውን የሚያስተዳድር መንግሥት ነው፤ ፋይሉን የሚይዝም መንግሥት ነው፤ አዲሱን ካርታ የሰጠውም ያው ነው። ካርታውን ለመቃወም ግን «ወረቀት አምጪ» የሚባሉት እንጀራ ጋጋሪዋ እማማ! ፋይል ያጣው ቢሮ አንድ ሳንቲም ኪሳራ አይከፍልም። እኔ እንደምለው፣ ቢሮው ፋይሉን ማጣቱን ሲያምን ያ ራሱ ለባለጉዳይዋ በቂ ምክንያት ሊሆን፣ የተመለሰው ደረሰኝም እንደገና ሊታይ ይገባ ነበር። ይህን ተከራከርኩበት፤ አልሆነልኝም።

ይግባኝ አልን። ቁጥር 345 ይግባኝ ሰሚው ተጨማሪ ማስረጃ የሚቀበልበትን በር ጠባብ አድርጎታል። የሥር ፍርድ ቤት መቀበል የነበረበትን ማስረጃ ሳይቀበል ቀርቶ እንደሆነ፣ ወይም ይግባኝ ሰሚው ራሱ ለፍርድ ያስፈልገኛል ብሎ እንደሆነ ነው። ሥር ላይ ምክንያቴን በጽሑፍ ስላላስረዳሁ የመጀመሪያው በር ተዘጋ። ሁለተኛውንም አልከፈቱልንም።

እንግዲህ እናንተ፣ ጠበቃ ዘንድ ስትሄዱ የመረጣችሁትን ብቻ ሳይሆን ያላችሁን ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ። በእጃችሁ የሌለውንም፣ በእገሌ ቢሮ በእገሌ ስም ፋይል ውስጥ አለ ብላችሁ በዝርዝሩ ላይ ከመጀመሪያው አስመዝግቡ። ቢሮው «የለም» ካላችሁ በጽሑፍ ይስጣችሁ፤ እምቢ ካለም የሄዳችሁበትን ቀን ጻፉ። ዘግይቶ የተገኘ ወረቀት ካለ በዚያው ሳምንት በማመልከቻና በቃለ መሐላ ይግባ። ዋናውን ደግሞ ለማንም አትስጡ፤ ለኔም ቢሆን። ኮፒው ይበቃል፤ ዋናው ለማመሳከር ሲጠየቅ ይዛችሁ ትቀርባላችሁ።

ማድ ቤቱ ፈርሷል። እማማ ዛሬ የሚጋግሩት በተከራዩት ቤት ነው። ይህን ታሪክ እንድናገር ሲፈቅዱልኝ «ፌስታሌን ግን እስካሁን አልመለስክልኝም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ወረቀቱን በየዓመቱ ለይቼ፣ ዝርዝር ጽፌበት ዛሬ ይዤላቸው መጥቻለሁ። እማማ፣ ከኋላ ነዎት መሰለኝ፤ ስወርድ እሰጥዎታለሁ።