አውጫጪኝ፦ የጋራ ተጠያቂነት ጥቅምና ዕዳ



ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በንፋስ መውጫ በኩል ወልድያ የሚደርሰውን መንገድ በደርግ ዘመን የሠሩት ቻይናውያን ናቸው፤ ሕዝቡም «የቻይና መንገድ» ይለዋል። ይሁን እንጂ የጋይንት ደጋና ቻይና ከመንገዱ አስቀድሞ የሚመሳሰሉበት ነገር ነበራቸው፤ ይኸውም ጎረቤትን ስለ ጎረቤቱ ተጠያቂ የሚያደርግ ሕግ ነው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት፣ የቺን መንግሥት ሹም ሻንግ ያንግ ቤተሰቦችን በአምስትና በዐሥር አደራጅቶ፣ የአንዱን ወንጀል የደበቀ ሌላው አብሮ እንዲቀጣ ደነገገ። በኢትዮጵያ ደጋ የዚህ አምሳያ አፈርሳታ ወይም አውጫጪኝ ነበር። ከብት ቢሰረቅ፣ ቤት ቢቃጠል፣ ወይም ሰው ተገድሎ ገዳዩ ቢሰወር የአካባቢው ነዋሪ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል። የቀረ መቀጫ ይከፍላል፤ የመጣውም እርሻውን ትቶ ይውላል። ሁሉም በየተራ እየማለ የሚያውቀውን ለተመረጡ ሽማግሌዎች ይናገራል። ጥፋተኛው ካልተገኘ ካሳውን አገሬው በጋራ ይከፍላል።

በየመንደሩ ፖሊስ ባልነበረበት ዘመን ይህ ሥርዓት ብዙ ሠርቷል። «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው ይቆም ነበር፤ ባይቆም የሰማው ሁሉ ይፈርድበታልና። ከሳሽና ተከሳሽም በኩታቸው ጫፍ ተቆራኝተው ያለ አጃቢ ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር።

መሐንዲስ እንደሚያውቀው፣ ጭነት ለብዙ ምሰሶ ሲከፋፈል ቤቱ ይጸናል። ሰው ግን ምሰሶ አይደለም። በዘር ወቅት ሜዳ ላይ የዋለ ድሀ ገበሬ ያላጠፋውን ጥፋት ከጎተራው አውጥቶ ይከፍል ነበር። የ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ቅጣት የግል መሆኑን መደንገጉ፣ ይህንን ዕዳ ከንጹሑ ትከሻ ለማውረድ ትልቅ እርምጃ ነበር።

ሆኖም አንድ ሥራ ለጎረቤት ቀርቷል። ፍርድ ቤት ገዳዩን ያስራል፤ የሟችን ወንድም ከበቀል የሚመልሰው፣ ሁለቱን ወገኖች አስታርቆ ደም የሚያደርቀው ግን ዛሬም የአገር ሽማግሌ ነው። ስለዚህ መቅጣት የመንግሥት፣ ማስታረቅ የጎረቤት ቢሆን ሁለቱም በየቦታቸው ይጸናሉ። ሽማግሌው ዳኛውን ልተካ ያለ ዕለት ንጹሑ እንደገና ይከፍላል፤ ዳኛው ሽማግሌውን የናቀ ዕለት ደግሞ እስረኛው ተፈትቶ ሲመለስ ደሙ እንዳልደረቀ ያገኘዋል።