ባለ 35 ጫማዋ አሸናፊ

አቅራቢዋ፦ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1998 በአውስትራሊያ ከሲድኒ ወደ ሆባርት ለመወዳደር 115 የሸራ ጀልባዎች ተነሡ። መንገድ ላይ ከባድ ማዕበል ገጠማቸው፤ የደረሱት 44 ናቸው፤ ስድስት ሰዎች ሞቱ።

አቅራቢው፦ ቀድማ የገባችው የቢሊየነሩ የላሪ ኤሊሰን «ሳዮናራ» ነበረች አይደል?

አቅራቢዋ፦ አዎ፤ በየጀልባው መጠን ተሰልቶ በሚታሰበው ሰዓት ያሸነፈችው ግን «ሚድናይት ራምብለር» ናት። ርዝመቷ 35 ጫማ!

አቅራቢው፦ ኧረ! በዚያ ማዕበል? ምነው አልተመለሰች?

አቅራቢዋ፦ ቁም ነገሩ እሱ ነው። የጀልባዋ አዛዥ ኤድ ሳልቲስና ስድስት ባልደረቦቹ መመለሱን ይበልጥ ፈሩት፤ ጀልባ ስትዞር ጎኗን ለማዕበል ትሰጣለቻ። ጎኗን የተመታች ደግሞ ትገለበጣለች። ስለዚህ ትንሿን የማዕበል ሸራ ብቻ ሰቅለው፣ ውሃው ተራራ ሆኖ ሲመጣ አፍንጫዋን ሰያፍ አድርገው ያወጧታል፤ ጫፉን ስትሻገር መሪውን መለስ ያደርጉታል፣ ከላይ ወርዳ እንዳትፈርጥ።

አቅራቢው፦ ቀጣዩ እስኪመጣ!

አቅራቢዋ፦ እሱማ ወዲያው ነው የሚመጣው።