የማርፈድ ቅጣትና የባቡር ጥበቃ

(በማህበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የሂሳብ ሠራተኛችሁ ስትነሳ ስለ ቁጠባና ስለ ብድር እንደምትናገር ትጠብቃላችሁ። ዛሬ ግን በመዝገባችን ካሉት ገቢዎች ትንሿን፣ የማርፈድ ቅጣትን ነው የማነሳው።

ባለፈው ስብሰባ አንዲት እናታችን ገና ሳይቀመጡ 20 ብር አጣጥፈው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። «ልጄ፣ ስሜን ከመዝገቡ አውጪልኝ፤ በየወሩ ከማፍር ብቀር ይሻለኛል» አሉኝ። ቤት ገብቼ የስድስት ወሩን ደረሰኝ አገላበጥኩ። ከተቀጡት አብዛኞቹ ከአያትና ከቃሊቲ በኩል በባቡር የሚመጡ ናቸው። ደብተሩን የምይዘው እኔ ነኝና ቀድሜ ማየት ነበረብኝ።

ስለ ባቡሩ የሚታወቀውን ላስታውሳችሁ። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር የመጀመሪያው መስመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደው በዚያው ዓመት ተከተለ። ሁለቱ መስመሮች በድምሩ 34 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናሉ። 41 ባቡሮች ተገዙ፤ ከወጪው 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። የመነሻ ታሪፉ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ስለነበር ለብዙዎቻችን ትልቅ እፎይታ ሆነ። ይሁን እንጂ መለዋወጫው የሚመጣው ከውጭ ነው። በብር የሚሰበሰብ አነስተኛ ታሪፍ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ዕቃን አይችልም። ብዙዎቹ ባቡሮች በመለዋወጫ እጥረት መቆማቸው በአደባባይ የተነገረ ነገር ነው። በዚያ ላይ ሁለቱ መስመሮች ከስታዲየም እስከ ልደታ በአንድ ሐዲድ ስለሚሄዱ፣ በአንዱ የደረሰ መዘግየት ለሌላውም ይተርፋል።

አሁን ወደ ሥራዬ፣ ወደ ሂሳቡ ልግባ። በአንድ ሰዓት ውስጥ አራት ባቡር ይመጣል እንበል። በየ15 ደቂቃው ከመጡ አንዲት ተሳፋሪ በአማካይ 7 ደቂቃ ተኩል ትጠብቃለች። እነዚያው አራት ባቡሮች በአምስት አምስት ደቂቃ ልዩነት ተከታትለው ካለፉና ቀጣዩ ከ45 ደቂቃ በኋላ ከመጣስ? አማካይ ጥበቃው 17 ደቂቃ ተኩል ይሆናል። ምክንያቱም ከአራት ተሳፋሪዎች ሦስቱ ጣቢያ የሚደርሱት በዚያ ረጅም ክፍተት ውስጥ ነው። በሪፖርት ላይ ግን ሁለቱም «በሰዓት አራት ባቡር» ተብለው ይጻፋሉ።

ደግሞም ማርፈድ የማትፈልግ ሴት የምታቅደው ለአማካዩ ሳይሆን ለክፉው ቀን ነው። ባቡሩ በአምስት ደቂቃ ሊመጣ ቢችልም 45 ደቂቃ መጠባበቂያ ይዛ ትወጣለች፤ ለመመለሻም ሌላ 45። ይህ ጊዜ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ልጅ ለትምህርት ቤት የሚዘጋጅበት ነው። ደረሰኝ የለውም፤ ወጪ መሆኑ ግን አይቀርም። እኛ ደግሞ በዚህ ላይ 20 ብር እንጨምርባታለን።

ስለዚህ ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ከ3 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ተኩል የቁጠባ መሰብሰቢያ ይሁን። ስም የሚጠራውና ውሳኔ የሚተላለፈው ከዚያ በኋላ ይሁን።

ሁለተኛ፣ በባቡር ከሚመጡ አባላት በስድስት ወር የተሰበሰበው ቅጣት ወደየቁጠባ ደብተራቸው ይግባ። ዝርዝሩን አዘጋጅቻለሁ።

ሦስተኛ፣ በባቡር የምትመጡ ሁሉ ለሦስት ወር ጣቢያ የደረሳችሁበትንና ባቡሩ የመጣበትን ሰዓት ጻፉልኝ። መጻፍ የሚያስቸግራት ካለች በስልክ ትንገረኝ። እኔ አጠናቅሬ ለሚመለከተው ክፍል በማህበራችን ስም ጥያቄ እናቀርባለን፦ ያሉት ባቡሮች በእኩል ርቀት ይሰማሩ፣ በስንት ደቂቃ እንደሚመጡ ጣቢያው ላይ ይለጠፍ፣ አገልግሎት ሲቋረጥም አስቀድሞ ይነገረን። መለዋወጫ መግዛት ከባድ ነው፤ ሰዓት መለጠፍ ግን የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለኝ። በምንልክላችሁ ሪፖርት ላይ «ያረፈዱ አባላት» የሚል ዓምድ አለ። እስካሁን ያነበባችሁት የአባላቱን ስንፍና መስሏችሁ ከሆነ፣ ጥፋቱ የእኔ አጻጻፍ ነው። ከአሁን በኋላ ምክንያቱንም እጽፋለሁ።

የእኚያን እናታችንን ስም እስካሁን ከመዝገቡ አላወጣሁም። ዛሬም መጥተዋል፤ ከኋላ ተቀምጠዋል። ውሳኔው የእናንተ ነው።