የ1,150 ብሩ ባለቤት ማን ናት?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



በየዓመቱ እዚህ መድረክ ላይ የምቆመው የገቢና የወጪ ሪፖርት ለማንበብ ነው። ሪፖርቱ በእጃችሁ አለ። ዛሬ ግን ስለ አንድ መስመር ብቻ እንድናገር ፍቀዱልኝ። ገጽ 3 ላይ «ባለቤቱ ያልታወቀ ቁጠባ፦ 1,150 ብር» የሚል ተጽፏል። ብሩ ባንክ ውስጥ አለ፤ የማን እንደሆነ ግን አናውቅም። እዚህ ከተቀመጣችሁት የአንዳችሁ ወይም የጥቂቶቻችሁ ነው። እንዲህ የሆነው በእኔ ጥፋት ስለሆነ ከሌላ ሰው ሳትሰሙ ራሴ ልነግራችሁ ይገባል።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ግንቦት መጀመሪያ፣ ሰኞ ጠዋት ነው። ቅዳሜና እሑድ በሰፈራችን መብራት ሲሄድ ሲመጣ ነበር የዋለው። ቢሮ ገብቼ ኮምፒውተሩን ስከፍት ከውስጡ «ቀጭ… ቀጭ… ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ስክሪኑ ጥቁር እንደሆነ ቀረ። አጥፍቼ እንደገና ከፈትኩት። አሁንም ያው ነው። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ አሥር ጊዜ ያህል ሳልሞክር አልቀረሁም። አንዲት ጓደኛዬ በስልክ «ሃርድ ዲስኩን አውጥተሽ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሪው» አለችኝ። ደግነቱ ያንን አላደረግሁም።

በማግሥቱ መገናኛ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ ጥገና ቤት ይዤው ሄድኩ። ባለሙያው ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠና «እኅቴ፣ እንዲህ እያለ ስንት ጊዜ አስነሣሽው?» ብሎ ጠየቀኝ። ስነግረው ራሱን ነቀነቀ።

ያስረዳኝን እኔም ላስረዳችሁ፤ ነገ በልጆቻችሁ ኮምፒውተር ላይ ሊደርስ ይችላልና። በእንደዚህ ዓይነቱ ሃርድ ዲስክ ውስጥ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ክብ ሳህን አለ። በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ይሽከረከራል። የተጻፈውን የሚያነበው ትንሽ ክፍል ሳህኑን ሳይነካው፣ ከፀጉር ውፍረት እጅግ ባነሰ ርቀት ላይ ይንሳፈፋል። ያ ክፍል ሲበላሽ «ቀጭ ቀጭ» ማለት ይጀምራል። ሳህኑን መንካት ከጀመረ ደግሞ ባስነሣነው ቁጥር ይፍቀዋል። ተፍቆ የጠፋ ነገር አይመለስም። ፍሪጅ ውስጥ ማስገባትም እርጥበት ይጨምርበታል እንጂ አያድነውም።

በስሕተት የተሰረዘ ፋይል ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር ሳይጻፍበት በሶፍትዌር የመመለስ ዕድል ነበረው። የእኛ ግን አካሉ ነው የተጎዳው። እንዲህ ያለው ከአቧራ በጸዳ ልዩ ክፍል ውስጥ ተከፍቶ መታየት አለበት። ዋጋው ከአቅማችን በላይ ሆነ፤ ይገኛል የሚል ዋስትናም አልነበረም። ከሥራ አመራር ኮሚቴው ጋር ተመካክረን ተውነው።

በፍላሽ ላይ የነበረኝ የመጨረሻ ቅጂ የኅዳር መጨረሻ ነበር። ስለዚህ የታኅሣሥ፣ የጥር፣ የየካቲት፣ የመጋቢትና የሚያዝያ፣ የአምስት ወር የ64 አባላት ቁጠባና የብድር ተመላሽ ዝርዝር ጠፋ።

የባሰው ግን ይህ አይደለም። ኅዳር ላይ በዚሁ አዳራሽ ቆሜ «ከእንግዲህ የቁጠባ ደብተራችሁን በየሳምንቱ ማስሞላት አያስፈልግም፤ ሰዓት ይፈጃል፤ ሁሉም ኮምፒውተር ውስጥ አለ» ያልኳችሁ እኔ ነኝ። የቅዳሜውን መሰብሰቢያ ወረቀትም ወደ ኤክሴል ከገለበጥኩ በኋላ እቀደው ነበር። ከአራቱ ቡድኖች ሁለቱ ምክሬን ተቀበሉ። የሌሎቹ ሁለት ቡድኖች ጸሐፊዎች ግን እምቢ አሉ። አንደኛዋ «ልጄ፣ እኔ ዓይኔ የሚያየውን ነው የማምነው» ብለው ደብተር መሙላታቸውን ቀጠሉ። በልቤ «እኚህ ሴትዮ ዘመኑ አልገባቸውም» ብዬ ነበር። ዛሬ በፊታችሁ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ። የእነዚያ የሁለቱ ቡድኖች ሒሳብ ከአባላቱ ደብተር ላይ በሁለት ቀን ውስጥ፣ አንድ ብር ሳይጎድል ተመልሶ ተጻፈ።

የቀሩት የእኔን ምክር የሰሙት 32 ሴቶች ናቸው። ለእነርሱ በእጃችን የነበረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው በየሳምንቱ የቡድኑ ገንዘብ ባንክ የገባበት ደረሰኝ ነው፤ ጠቅላላውን ይናገራል፣ የማን ስንት እንደሆነ ግን አይናገርም። ሁለተኛው በዋስ ፊርማ የተያዘው የብድር ውል ነው፤ ማን ስንት እንደተበደረች ይናገራል፣ ስንት እንደመለሰች ግን አይናገርም።

በዚያ ሰሞን ቀጨኔ ሸክላ የሚሠሩ አንዲት እናታችን ቢሮ መጡ። የ3,000 ብር ብድራቸውን በየካቲት በአንድ ጊዜ ከፍለው እንደጨረሱ ነገሩኝ። ማስረጃ ጠየቅኋቸው። ዝም ብለው አዩኝና «ልጄ፣ ያን ቀን ደብተሬን ሳቀርብልሽ ‹ኮምፒውተር ውስጥ አለ› ብለሽ አይደል የመለስሽልኝ?» አሉ። መልስ አልነበረኝም። በሒሳብ ትምህርት ማስረጃ የሌለው ክፍያ እንዳልተከፈለ ይቆጠራል። ማስረጃውን የከለከልኳቸው ደግሞ እኔ ነኝ። ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በአራተኛው ቀን የባንክ ደረሰኞቹን በየሳምንቱ ደረደርኳቸው። የእርሳቸው ቡድን 16 ሴቶች በየሳምንቱ 50 ብር ይቆጥባሉ፤ 800 ብር ማለት ነው። በየካቲት ሦስተኛ ሳምንት ግን ባንክ የገባው 3,800 ብር ነበር። እናታችን እውነታቸውን ነው። ወረቀቷን ይዤ ቀጨኔ ድረስ ሄድኩ። ቡና አፍልተው ጠበቁኝ።

ከዚያ በኋላ 32ቱም አባላት በየተራ የቆጠቡትን በቃል ነገሩን፤ እኛም ጻፍን። በአንደኛው ቡድን የሁሉም ቃል ተደምሮ ከባንኩ ጋር ልክ ገጠመ። በሁለተኛው ቡድን ደግሞ ባንክ ያለው ገንዘብ ከተነገረው በ1,150 ብር በለጠ። ልብ በሉልኝ፦ ማስረጃ በሌለበት ቀን የእናንተ ቃል ሲደመር ከባንኩ አልበለጠም፤ እንዲያውም አነሰ። በዚህ ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። አፍሬም አላውቅም።

ለደጋፊዎቻችን የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ሦስት ሳምንት ዘግይቶ ነው የደረሳችሁ። የዘገየበትንም ምክንያት ሳንደብቅ ጽፈንላችኋል። ስለታገሣችሁን እናመሰግናለን።

አሁን የምንሠራው እንዲህ ነው። የቁጠባ ደብተር በየቅዳሜው በፊታችሁ ይሞላል፤ መሰብሰቢያ ወረቀቱም ተፈርሞበት በፋይል ይቀመጣል። ዘወትር ቅዳሜ ማታ ሒሳቡ በውጭ ሃርድ ዲስክ ላይ ይገለበጣል፤ ዲስኩ ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ ሰብሳቢያችን ቤት ያድራል። ሁልጊዜ እንደተሰካ ከተተወ ኮምፒውተሩን የሚያገኘው ቫይረስም ሆነ የመብራት መዘበራረቅ እርሱንም ያገኘዋል። ሌላ ቅጂ በማኅበሩ ስም በተከፈተ ጉግል ድራይቭ ላይ ይጫናል፤ የይለፍ ቃሉም በታሸገ ፖስታ ከገንዘብ ያዧ ዘንድ ይቀመጣል፤ እኔ ብታመም ወይም ብለቅ ሥራው እንዳይቆም ነው። በወር አንድ ጊዜ ደግሞ ቅጂውን በሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍተን እናየዋለን። ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ አለ ብሎ መተማመን አይቻልም። መብራት ድንገት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን በሥርዓት ለመዝጋት የሚያስችል ዩፒኤስም ገዝተናል።

«ለአንድ ሒሳብ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1973 የአገራችንን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀምሮ ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍት ተነሡ። አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ቀረ፤ ሌላው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ሴንት ጆንስ ዩኒቨርሲቲ በሚገኝ ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ብዙ ዓመት የደከሙበት ካታሎግ የተሠራው በእነዚያ ፊልሞች ነው። ብራና ዘመናትን የሚሻገር ነገር ነው። ለብራና እንኳ ሁለተኛ ቦታ ከተፈለገለት፣ ከጥቂት ዓመት በላይ ዋስትና ለሌለው ሃርድ ዲስክማ እንዴት አይፈለግለትም? አባቶቻችን በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይላሉ። እኔ ያየሁት ግን በጽሑፍ ያለውም አንድ ቦታ ብቻ ከሆነ ሊጠፋ እንደሚችል ነው።

በመጨረሻ አንድ ልመና አለኝ። 1,150 ብር የ23 ሳምንት ቁጠባ ነው። ሽሮ ሜዳ ጥጥ ፈትላችሁ፣ እንጀራ ጋግራችሁ ሸጣችሁ ያመጣችሁት ነው። የሁለተኛው ቡድን አባላት፣ እባካችሁ ቤት ስትገቡ ፈልጉ። ቀርታችሁ በሌላ ሰው የላካችሁበት ሳምንት ነበር? የሁለት ሳምንቱን አንድ ላይ የከፈላችሁበትስ? በስልክ ልካችሁ ከሆነ መልእክቱ ስልካችሁ ላይ ሊኖር ይችላልና እንዳታጠፉት። ልጆቻችሁንም ጠይቁ፤ ልጆች ብዙ ነገር ያስታውሳሉ።

ብሩን ወደ ማኅበሩ ገቢ አንቀይረውም። ባለቤቷ እስክትገኝ ድረስ በየዓመቱ ሪፖርት ላይ በዚያው ስም ይጻፋል፤ እኔም በየዓመቱ አነብበዋለሁ። ቢሮዬ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ክፍት ነው። ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ።