እምምታው ከየት መጣ?

አቅራቢ 1፦ ፌንደር ዴሉክስ ሪቨርብ የተባለው የጊታር አምፕሊፋየር የወጣው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። እስካሁን ጊታሪስቶች ይሳሱለታል። ዕድሜው ሲገፋ ግን ጊታር ሳይሰካበት እንኳ «እምምም» ማለት ይጀምራል።

አቅራቢ 2፦ ያኔ ሁሉም ቲዩብ ሊቀይር ይሮጣል!

አቅራቢ 1፦ ልክ ነው። ግን የድምፅ መቆጣጠሪያው ዜሮ ላይ ሆኖም እምምታው ከቀጠለ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት የኃይል ማጣሪያ ካፓሲተሮቹ ናቸው። ውስጣቸው ያለው ፈሳሽ በዓመታት ይደርቃል።

አቅራቢ 2፦ ቲዩቡንም ሙሉ በሙሉ ነጻ አታውጣው እንጂ። አምፕሊፋየሩ እየሠራ ትንንሾቹ ቲዩቦች በእርሳስ ላጲስ ቀስ ተደርገው መታ መታ ሲደረጉ፣ የታመመው በስፒከሩ በኩል ይጮሃል።

አቅራቢ 1፦ እስማማለሁ። የትልቁ ቲዩብ ብረት ፍም መስሎ ከቀላ ግን ወዲያው ይጥፋ! ባያሱ፣ ማለትም በቲዩቡ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ የሚወስነው ቮልቴጅ፣ ተዛብቶ ሊሆን ይችላል።

አቅራቢ 2፦ ከአሜሪካ የመጣው አምፕሊፋየርስ? ለ120 ቮልት የተሠራውን አዲስ አበባ 220 ላይ መሰካት...

አቅራቢ 1፦ ፊውዙ ይቃጠላል፤ ሲብስ ትራንስፎርመሩም ይከተላል። ቮልቴጅ ማውረጃ ግድ ነው። በፊውዙ ፈንታ ሽቦ ማሰርማ ፈጽሞ አይሞከር።

አቅራቢ 2፦ አድማጮች፣ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ካፓሲተሮቹ 400 ቮልት ገደማ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ይህን ማፍሰስ የማያውቅ ሰው ሽፋኑን አይክፈት፤ ለባለሙያ ይስጠው።